የድንኳን ሜዳው ጥግ

በአንድ ወቅት፣ ጦርነቱ ወጥቶ ማዘጋጃ ቤቱ በገባበት ወቅት፣ ጎሽ ውሃ በምትባል ከተማ ፋንታነሽ የምትባል ሽንኩርት ነጋዴ ነበረች። ድምፅዋ ከገበያው ዳር ተነስቶ መናኸሪያ ድረስ ይሰማል። በዚህ ድምፅዋ ይሁን ሌላ ሰው ጠፍቶ፣ የላይ ሰፈር ሰዎች የእድር ዳኛ አድርገው መረጧት። እሷም ዳኛ መባሉ ደስ ብሏት «እሺ» አለች። ምነው ያን ቀን ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ጠፍቶ በነበረ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ላይ ሰፈር መሃል አንድ ሜዳ አለ። ሰው ሲሞት የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያ ስለሆነ፣ ሰዉ የድንኳን ሜዳ ይለዋል። ሞት በሌለ ቀን ደግሞ በግ ይታሰርበታል፣ ጌሾ ይሰጣበታል፣ ኳስ ይመታበታል፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ሽማግሌ ፊት ይቀመጡበታል። ጦርነቱ ሲመጣ የሰፈሩ ግማሽ ነደደ። ጦርነቱ ሲሄድ ሰዉ የቤቱን ፍርስራሽ እየዛቀ የት ይድፋ? ሜዳው ላይ ነዋ! የተሰበረ ብሎኬት፣ የተቃጠለ ቆርቆሮ፣ የከሰለ ወራጅ፣ ሁሉም እዚያ። ሜዳ የነበረው ተራራ ሆነ።

ታዲያ ከዚያ ወዲያ የሞተ ሰው ድንኳኑ የት ይተከል? አስፋልት ላይ! ጣጣው ምኑ ይወራል። በአንድ ወገን ሙሾ፣ በአንድ ወገን ክላክስ። ለቀስተኛው ከጭነት መኪና ጋር ሲጋፋ ይውላል። አንድ ቀን የአቶ እገሌ ሬሳ ሊወጣ ሲል አንድ የሲሚንቶ መኪና አላሳልፍ ብሎ ክላክሱን ሲያንባርቅ፣ ፋንታነሽ ነጠላዋን አሸርጣ መሃል መንገድ ቆመችና፣ «አንተ! ከኛ ቀድመህ መቀበር ካማረህ እለፍ!» ብላ ጮኸችበት። ሾፌሩ ወደ ኋላ ሄደ። ለቀስተኛው ሙሾውን ትቶ ሳቀ። ለቅሶ ላይ ተሳቀ! እንዲህ ሆነን ነበር።

እንግዲህ ያንን ሜዳ ከዚያ ጣጣ ያወጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። የሦስቱም ቤት በጦርነቱ ተቃጥሏል። የቤታቸውን ቦታ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ያወጣው አዲስ ፕላን ሰፊ መንገድ ይሁን ስላለው፣ ተመልሰው ጎጆ ሊቀልሱበት አልቻሉም። ይህንን ያዙልኝ፤ ሦስቱም ቤት የላቸውም።

አንደኛው ጓንጉል ነው፤ ባለ ጋሪ። ሚስቱ ጦርነቱ ባለፈ በዓመቱ በወሊድ ሞተችበት፤ ድንኳኗ አስፋልት ላይ ተተከለ። በሁለተኛው ቀን እህል የጫኑ መኪኖች ተሰልፈው መጡና «መንገድ ክፈቱ» ተባለ። ለቅሶው ሳያልቅ ድንኳኑ ተነቀለ። ጓንጉል አላለቀሰም፣ አልተሳደበም። በማግስቱ በቅሎውን ጠምዶ ሜዳው ላይ ወጣ። መዛቅ ጀመረ።

ማንም አላዘዘውም። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ጠዋት ጠዋት ለእንጀራው ይሠራል፣ ከሰዓት ፍርስራሽ ያወጣል። የሰፈሩ ሰው ምን ያደርጋል መሰላችሁ? እሱ በዚህ በኩል ሲያወጣ በዚያ በኩል ይደፋል! ፋንታነሽ የሽንኩርት ጆንያዋን ጥላ እየሮጠች፣ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ትንሽ ዓይን አይኖራችሁም?» ስትል፣ «አንዲት አካፋ እኮ ናት እትዬ ፋንታነሽ» ይሏታል። አንዲት አካፋ! ጓንጉል ግን፣ «ይተዉአቸው እትዬ፤ ፍርስራሹም አንድ ቀን ያልቃል» ብሎ ይዝቃል። ጥር ላይ በቅሎዋ ጋሪው ፊት ተንበረከከች፤ ሳትነሳ ቀረች። የቀረውን ጓንጉል በጀርባው አወጣው። ሜዳው ሜዳ ሆነ። ፋንታነሽ መሃሉ ላይ ቆማ እልል ስትል፣ በሬ ገዢና ሻጭ ሳይቀሩ ከገበያ መጥተው አዩት።

ሌላም ሰው አየው እንጂ! አንድ ባለሀብት በመኪና ሲያልፍ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ይሄ ቦታ የማነው?» አለ። ወር ሳይሞላ ሜዳው ላይ ባለ አራት ፎቅ የገበያ ማዕከል ይሠራል ተባለ። ይኸኔ እነዚያው አካፋ ያዦች አፋቸውን ሞልተው፣ «ጓንጉል ባይጠርገው ማን ይመኘው ነበር?» አሉ። አያችሁልኝ? እንዲህ ያለ ሰፈር ነው ፋንታነሽ የምትዳኘው።

ሁለተኛዋ ደጊቱ ናት፤ የፋንታነሽ የልጅነት ጓደኛ። አንድ ልጇ አንለይ ጦርነቱ ውስጥ ጠፍቶ ቀረ። ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለ የለም። ሰፈሩ «እርምሽን አውጪ፣ ድንኳን ይተከልና ይለቀስለት» ቢላት፣ «ሬሳውን ያላየሁትን ልጅ አልቀብርም» አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ስድስት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ትሄዳለች። አውቶቡስ ሲገባ በር ላይ ትቆምና የሚወርደውን ሁሉ ፊት ፊቱን አይታ ትመለሳለች። ፋንታነሽ ሁለት ጊዜ ልትመክራት ሄዳ፣ ሁለቱንም ጊዜ ተባራ መጥታለች።

ዶዘሩ ሜዳው ላይ የሚገባው ሰኞ ነው ተባለ። ሰኞ ማለዳ ደጊቱ የፋንታነሽን በር አንኳኳች።

«ድንኳኑን አውጪ» አለቻት።

«ማን ሞቶ?»

«አንለይ።»

«ወሬ መጣ እንዴ?»

«ወሬ አልመጣም። ጥሩምባውን አስነፊ።»

«ደጊቱ፣ አንቺ እኮ ነሽ ሬሳ ሳላይ ብለሽ...»

«ፋንታነሽ! የእድር ዳኛ ነሽ አይደለሽም?»

ጥሩምባው ተነፋ። ዶዘሩ እየተንጓጓ ሲደርስ፣ ሜዳው መሃል ድንኳን ቆሟል፣ ደጊቱ ጥቁር ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ሰፈሩ ሁለት ዓመት የቋጠረውን እንባ ያወርዳል። የዶዘሩ ሾፌር የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ድንኳኑን ሲያይ ግን ሞተሩን አጠፋ። ቆቡን አወለቀ። ወርዶ ከወንዶቹ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠና፣ አጠገቡ ያለውን ሰውዬ «የማን ለቅሶ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሲነገረው እሱም አለቀሰ፤ ለካ እሱም ያልመጣለት ወንድም ነበረው።

ከሰዓት በኋላ ባለሀብቱ ራሱ እየፎከረ መጣ። «የት አለ ሾፌሩ? ማነው ማሽን ያቆመብኝ?» ድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ ድምፁ በግማሽ ወረደ። ገባ ሲል በሙሉ ወረደ። አንዷ ንፍሮ በእፍኙ ሞላችለት። እንግዲህ ንፍሮ በእፍኙ ይዞ የሚደነፋ ሰው እስካሁን አልተፈጠረም! ቁጭ አለ፣ ቆረጠመ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ወጣ። ሦስት ቀን ድንኳኑ አልተነቀለም፤ ሦስት ቀን ዶዘሩ አልተነቃነቀም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደጊቱ መናኸሪያ አልሄደችም። እርሙን ያወጣችለትን ልጅ አውቶቡስ በር ላይ ቆማ እንዴት ትጠብቀው?

ሰዉ ስለሷም ዝም አላለም። «ለመሬት ብላ ልጇን በቁሙ ቀበረችው» አሉ። «ቢመጣ በምን ዓይኗ ልታየው ነው?» አሉ። ፋንታነሽም አላስችል ብሏት አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጡ ጠየቀቻት፤ «እውነት ሞቷል ብለሽ ነው፣ ወይስ ለሜዳው ስትይ?» ደጊቱ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ» አለች። ፋንታነሽም ሁለተኛ አልጠየቀቻትም።

ሦስተኛው ይርዳው ነው። ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሜትር ያዥ ነበር፤ መሐንዲሶቹ ቦታ ሲለኩ የሜትሩን ጫፍ ይዞ የሚቆመው ማለት ነው። ሜዳው ለገበያ ማዕከሉ የተለካ ዕለትም ጫፉን የያዘው እሱ ነበር፤ ይህንን ሰፈሩ አይረሳለትም። ከላይ የመጡት መሐንዲሶች ፕላን የሚሠሩት በቀለም ነው። ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ አረንጓዴው መናፈሻ። ይርዳው ፈራ ተባ እያለ፣ «ይሄ እኮ የለቅሶ ድንኳን መትከያ ነው» ቢላቸው፣ ትልቁ መሐንዲስ ሳቀበት። «ለድንኳን ቀለም የለንም» አለው። ሜዳው ቀይ ተቀባ።

ባለሀብቱ ቸኩሎ ዶዘሩን ቀድሞ ላከ እንጂ፣ ፕላኑ ማኅተም የሚመታበት ቀን ረቡዕ ነበር፤ ደጊቱ ድንኳን ውስጥ በተቀመጠች በሦስተኛው ቀን። ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቢሮው ባዶ ሲሆን፣ ይርዳው የመሐንዲሱን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቀዩን በምላጭ ፋቀው። በላዩ ላይ ሁለት ሰማያዊ መስመር አሰመረና፣ መሃሉን «የጎርፍ መውረጃ፤ ግንባታ ክልክል ነው» ብሎ በመሐንዲሱ ዓይነት ጽሕፈት ጻፈበት። የሜትር ጫፍ ይዞ ሲያያቸው ይሄንን ለምዶ ኖሯል! እዚያ ሜዳ ላይ ጎርፍ ቀርቶ የእቃ እጣቢ እንኳ ወርዶ አያውቅም። ከሩቅ የመጡ ሰዎች ግን የጎሽ ውሃን ክረምት መቼ አዩት? ረቡዕ ማኅተሙ አረፈበት። ሐሙስ ጠዋት ሾፌሩ ዶዘሩን ሊያስነሳ ሲል፣ ሥራው ታግዷል የሚል ወረቀት ደረሰው።

ነገሩ ቆይቶ ታወቀ። ይርዳው ከሥራ ተባረረ። ከማዘጋጃ ቤት የተከራያትን ክፍልም ልቀቅ ተባለ። ነፍሰ ጡር ሚስቱን ይዞ አማቱ ወጥ ቤት ገባ። ፕላኑን ግን ማንም አልነካውም። ለምን ቢባል፣ ይስተካከል ከተባለ እንደገና ወደ ላይ ይሄዳል፤ እንደገና እንዲጸድቅ ደግሞ መጀመሪያ «ተሳስተን አጽድቀናል» ብሎ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል። ማን ይፈርማል? ስለዚህ ጎሽ ውሃ ውሃ የሌለው የጎርፍ መውረጃ ኖራት። ባለሀብቱ ተናዶ ሌላ ከተማ ሄደ።

አንድ ነገር ግን አለ። የይርዳው ሰማያዊ መስመር ቀጥ ብሎ ሲሄድ ቆይቶ አንዱ ጥግ ላይ ጎበጥ ይላል። በዚያች ጉብጠት ምክንያት አንዲት ቁራሽ መሬት፣ ለአንድ ቤት የምትበቃ፣ ከክልክሉ ውጪ ቀረች። «ለራሱ ነው ያስቀራት!» አለ ሰዉ። «ኮቴ ሰምቼ እጄ ተንቀጠቀጠ» አለ ይርዳው። ማን ያምነዋል? ማንስ አያምነውም?

ያቺ ጥግ ናት እንግዲህ ፋንታነሽን ዕረፍት የነሳቻት። ማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ። «ጥጓ ቤቱ ለተቃጠለበት አንድ የሰፈሩ ነዋሪ ምትክ ቦታ ሆና ትሰጣለች። እድሩ ይምረጥ። አንድ ካርታ፣ አንድ ስም። እስከ ሰኞ ስም ካልቀረበ ቦታዋ የመብራት ትራንስፎርመር ይተከልባታል» ይላል። የእድሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ኮሚቴው ስድስት ሰው ነው። ሁለቱ ጓንጉል አሉ፣ ሁለቱ ደጊቱ አሉ፣ ሁለቱ ይርዳው አሉ። ከዚያ ስድስቱም አንድ ላይ ዞረው ፋንታነሽን አዩአት።

«ምን ታዩኛላችሁ? ምን አደረግኋችሁ?» አለች።

«ዳኛዋ አንቺ አይደለሽ? አንቺ ያልሽው ይሆናል» ብለው ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደየቤታቸው ሄዱ። ሌላ ጊዜ ስለ አንዲት ብርጭቆ መሰበር እስኪመሽ የሚከራከሩ ሰዎች!

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፋንታነሽ ሦስቱን ሜዳው ላይ ጠራቻቸው። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ክረምቱ ደርሷል። የጓንጉል ሦስት ልጆች የተቃጠለው ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ ነው የሚያድሩት፤ ጣሪያው ግማሽ ነው። ደጊቱ ላስቲክ ወጥራ ነው። የይርዳው ሚስት ወሯ ገብቷል። ፋንታነሽ ይሄንን ሁሉ ታውቃለች።

«ስሙኝ» አለች፣ «ተካፈሉት። ሦስት ክፍል ሥሩና አብራችሁ ተቀመጡ።»

«እማማ፣ ካርታው ላይ የሚጻፈው አንድ ስም ነው» አለ ይርዳው። «ሌሎቻችን ተጠግተን ነው የምንኖረው። ነገ ልጆቻችን ይካሰሱበታል።»

«እሺ ዕጣ አውጡ!»

«በቅሎዬ በዕጣ አልሞተችም እትዬ» አለ ጓንጉል።

«እሺ እንግዲያው ሁለታችሁ ለአንዱ ተዉለት!»

ጓንጉል ጉሮሮውን ጠረገ። «ሁለቱ ከኔ በልጠናል ካሉ እኔ እተዋለሁ» አለ።

«እኔም እተዋለሁ» አለች ደጊቱ። «ብቻ ከኔ የበለጠ ምን እንደሰጡ ይንገሩኝ።»

«እኔም እተዋለሁ» አለ ይርዳው። «ጥጓን ለራሴ እንዳላስቀረሁ በሰው ፊት ይመስክሩልኝ።»

ፋንታነሽ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «ወይ ጉዴ! እንዲህ ከምትተዉስ ባትተዉ ይሻላል!»

ይኸኔ ጓንጉል ፈነዳ። አራት ወር ሲዝቅ ያልተቆጣ ሰውዬ! «ተራራ ላይ ድንኳን ይተከላል? እኔ ባልጠርገው እሜቴ ደጊቱ የት ይቀመጡ ነበር? ይርዳውስ ምኑን ያድን ነበር? ክምር ቆሻሻ?»

«ጠረግህና ለዶዘሩ አመቻቸህለት!» አለች ደጊቱ። «ሰኞ እኔ መሬት ላይ ባልቀመጥ፣ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ መሠረቱ ተቆፍሮ ነበር። ይርዳው ያኔ ምላጩን ይዞ ጺሙን ይላጭ ነበር!»

«እማማ ደጊቱ፣ ለቅሶ ሦስት ቀን ነው» አለ ይርዳው። «ድንኳኑ ረቡዕ ማታ ይነቀላል። ሐሙስን ማን አቆመው? እኔ ነኝ።»

«ውሸት ጽፈህ!» አለ ጓንጉል።

«አዎ ውሸት ጽፌ! እውነቱን ስነግራቸው ስቀውብኛል እኮ!»

«ዝም በሉ!» አለች ፋንታነሽ፤ መናኸሪያ ድረስ ተሰማ። «ሦስታችሁም ልክ ናችሁ! ይሄ ነው እኮ እኔን የሚያቃጥለኝ! ምናለ አንዳችሁ እንኳ ትንሽ ብትሳሳቱልኝ?»

ጓንጉል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ደጊቱ ዞረ። «እሜቴ ደጊቱ፣ አይቀየሙኝ። አንቱ ብቻዎን ነዎት። ይርዳው ሚስቱ ልትወልድ ነው፤ እኔም ሦስት ልጆቼን ዝናብ ሊመታብኝ ነው። ለብቻ ሰው ይሄ ጥግ የግድ ነው ወይ? እድሩ አንድ ክፍል ተከራይቶ ሊያስቀምጥዎት ይችላል እኮ።»

ደጊቱ መለስ አለችና ጥጓን አየቻት። «ሌላ ቦታ ብሄድ» አለች፣ «ልጁ ሲመጣ የት ብሎ ይፈልገኛል? የድሮ ቤታችን መንገድ ሆኗል። የሚያውቀው ይሄንን ሜዳ ብቻ ነው።»

ያለችውን የሰማችው ከተናገረችው በኋላ ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ጓንጉል መሬት መሬት አየ። ይርዳው ጥፍሩን መንከስ ያዘ። ደጊቱ እርሟን አላወጣችም ነበር ማለት ነው? እንዲያ ከሆነ ያ ሁሉ ለቅሶ ውሸት ነበር? ወይስ እንዲያውም በሕይወት አለ ብላ እያመነች ጥቁር መልበሷ ነው ከሁሉም የከበደው? ፋንታነሽ ጭንቅላቷ ዞረ። ማንም ግን፣ ያንን ሰምቶም፣ «በቃ ለሷ ይሁን» አላለም። እንዴት ይበል? የጓንጉል ልጆችም ልጆች ናቸው። የይርዳው ሚስት ሆድ ውስጥ ያለውም መምጣቱ አይቀርም።

ሰኞ ጠዋት ፋንታነሽ ማዘጋጃ ቤት ተሰልፋ ተራዋ ደረሰ። ጸሐፊው ቅጹን ገፋ አደረገላት። ቅጹ ላይ አንድ መስመር አለ፤ አንድ ስም የምትይዝ፣ ሁለት ብትጽፍባት የማትበቃ።

«ስሙን ይሙሉ ወይዘሮ» አለ።

«ቆይ እስኪ።»

«ሰው ተሰልፏል እኮ።»

«ከጦርነት የተረፈ ሰው አንዲት ደቂቃ ሰልፍ ይገድለዋል?» አለችው። ከኋላዋ ያሉት ሳቁ። ሳቁ አለቀ። ጸሐፊው ሰዓቱን አየ። ፋንታነሽ እስክሪብቶውን አነሳች፤ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው፤ አንዲት ነጥብ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ እጇ አልሄድ አላት።

እንግዲህ እኔ ያየሁትን ነገርኳችሁ፤ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ፤ ተጯጯሁበት። ጓንጉል ሜዳውን ከፍርስራሽ አወጣው፤ በቅሎውንም እንጀራውንም ከፈለበት። ደጊቱ ዶዘሩን ሦስት ቀን አቆመችው፤ ልጇን መጠበቋን ከፈለችበት። ይርዳው ሕግ አደረገው፤ ሥራውንና ስሙን ከፈለበት። አንዱ ቢጎድል ዛሬ እዚያ የሚቆመው አራት ፎቅ ነው። ፋንታነሽ እስክሪብቶውን እንደያዘች ናት፤ መስመሯም አንድ ናት። ፍረዱ እስኪ፤ ጥጓ የምትገባው ለማን ነው?